ለሳሙራይ የሂሉክስ አክስል ይግባላት? ከደላንታ የተነሳ ጥያቄና የመጡት መልሶች

ሰላም ጀመዓ፣ እንደምን ከረማችሁ።

ያለሁት ደላንታ፣ ወገል ጤና ነው። መኪናዬ ሱዙኪ ሳሙራይ ናት፣ አጭሯ፣ ባለ 1.3 ሞተር። ሥራዬ ኦፓል ለሚቆፍሩ ልጆች ዕቃ ማድረስ ነው። ዲጂኖ፣ ገመድ፣ ውሃ፣ ዱቄት እጭናለሁ። የኦፓሉ ስም ከ2000 ዓ.ም ገደማ ወዲህ ከወጣ ጀምሮ ገደል አፋፍ ድረስ መኪና የሚፈልግ ሰው በዝቷል። መንገዱ ግን መንገድ አይባልም። ድንጋይ ነው፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጥቁር ጭቃ።

የኋላ ጎማ ዘንጓ ተሰበረ። ቶርኖ ቤት አሠርቼ አስገባሁ። እሱም ብዙ አልቆየም፣ ተጠማዞ ተሰበረ። የታሰረላት ጎማ 31 ኢንች ነው፣ ስገዛትም እሱ ነበር ያላት። አንድ ሜካኒክ ከፊትም ከኋላም የሂሉክስ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘው ሙሉ ብረት፣ ከነዘንጉ) አስገባና ተገላገል ብሎኛል። የሞከረ ወይም ያየ ካለ ይንገረኝ ብዬ ጠየቅኩ።

መልሱ ብዙ ሆነ። አዲስ የሚመጣው ሰው የቀደመውን ሳያነብ ያንኑ ደግሞ ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በየቁጥሩ እዚህ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስድቡን ትቼዋለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ሰላምታው ረጅም፣ ሐሳቡ አጭር ነበር። የአጎቱ ሱዙኪ የሂሉክስ አክስል ከገባላት ወዲህ ሰብራ እንደማታውቅ፣ እኔም ሳላቅማማ እንዳስገባ መከረኝ። እንዴት እንደተሠራ ግን አልነገረንም።

2ኛው በቅሎ ግዛ አለ። ቀልዱን አልነበረም። መንገዱ ካለቀበት በኋላ በቅሎ እንደምትሻል፣ መኪናዋን እስከ መንገዱ ጫፍ ብቻ እንድጠቀምባት ነው ያሰበው። ለአንዳንዱ ቦታ እውነቱን ነው።

3ኛው ደሴ ውስጥ የሚሠራ ሜካኒክ ነው። ክሩ፣ ይህ የጥያቄና መልስ ውይይት ማለቴ ነው፣ መልክ የያዘው በእሱ ነው። የሳሙራይ የኋላ ዘንግ ጥርሱ 26፣ የሂሉክስ 30 መሆኑን ጻፈ። የሂሉክሱ ኮሮና (አክስሉ መሃል ያለው ትልቁ ባለጥርስ ክብ) 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሴንቲሜትር ያህል ነው፣ ከሱዙኪው ጋር አይወዳደርም። ሁለቱም መኪኖች በባሌስትራ (በተደራረበ ዝርግ ብረት) ላይ የተቀመጠ ሙሉ አክስል ያላቸው ናቸው። የሁለቱም የፊት ዲፈረንሻል (ዙሩን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ወደ ቀኝ ያደላ ነው፣ ስለዚህ የፊቱ ካርዳን (ዙሩን ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ) ቀጥ ብሎ ይገጥማል። በዓለም ዙሪያ የሳሙራይ ባለቤቶች ይህን አክስል የሚመርጡት ለዚህ ነው አለ። ግን ማንኛውም ሂሉክስ አይሆንም። ፊቷ በባሌስትራ የሆነች የድሮ ሂሉክስ መሆን አለባት። ባለ 2.8 ናፍጣዋን ኤልኤን 106ን በምሳሌነት ጠቀሰ። የፊት ጎማዎቿ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ከሆነች እንዳትነካት አለ።

ሥራውንም ዘረዘረ። ባሌስትራው የሚቀመጥበት ብረት ከአክስሉ ላይ ተቆርጦ በሱዙኪዋ ልክ እንደገና ይበየዳል። ካርዳኑ ቁመቱ ተስተካክሎ ጫፉ ይቀየራል። የሱዙኪ ጎማ በ5 ቡሎን፣ የሂሉክስ በ6 ነው የሚታሰረው። ቡሎኖቹ የሚዞሩበት ክብ የሁለቱም 139.7 ሚሊሜትር ቢሆንም ቸርኬው አይገባም። ስለዚህ አራቱም ቸርኬ፣ ትርፍ ጎማውም ጭምር መቀየር አለበት። ሰው ትርፍ ጎማውን ይረሳና ገጠር ላይ ጎማ ሲፈነዳበት ነው የሚያስታውሰው። አክስሉ ሰፊ ስለሆነም ጎማው ከመኪናዋ ገላ ወጣ ብሎ ይቆማል። ጭቃ ይረጫል። በጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ ያ ስፋት የገደሉን ጫፍ ያቀርበዋል።

4ኛው ወልድያ ቶርኖ ቤት ያለው ሰው ነው። ምንም ምክር ሳይሰጥ የተሰበረውን ዘንግ ፎቶ ጠየቀ። ስብራቱ ፊት ለፊት እንዲታይ፣ ዘይቱ ተጠርጎ፣ በፀሐይ ብርሃን አንሳ አለ። ሁለቱንም አንስቼ ላክሁ።

5ኛው ላይ ወሬው ጠነከረ። ሰውየው ሐይቅ አካባቢ ነው የሚኖረው። ጎረቤቱ እንዲህ ዓይነት ሥራ አሠርቶ መኪናዋ ከዚያ ወዲህ በቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ ወዲያና ወዲህ እያለች እንዳስቸገረችው ነገረን። ብየዳ የሚያውቅ ሁሉ አክስል ይሠራል ማለት አይደለም፣ ሰው ትጨርሳላችሁ ብሎ ጻፈ። 6ኛው ተቆጣ። የወሎ በያጅ ከማን ያንሳል፣ ስንት የተቆረጠ የጭነት መኪና ሻንሲ ቀጥሎ ያቆመ እጅ ነው ሲል መለሰ። ከዚህ ወዲያ ሁለቱ የተባባሉትን ዘልዬዋለሁ።

ለእኔ 5ኛው የተናገረው ትክክል ነው፣ የተናገረበት መንገድ ነው ያስቆጣው። መኪና ወዲያና ወዲህ የምትልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የፊት አክስል ሲበየድ የላዩ በኩል በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት። ያ ማዘንበል ነው ከታጠፈ በኋላ መሪውን ራሱ ቀጥ የሚያደርገው። ቀጥ ብሎ ከተበየደ መሪው አይመለስም፣ ሾፌሩ ሲታገል ይውላል። ይህ የብየዳ ጥንካሬ ጉዳይ አይደለም፣ የልኬት ጉዳይ ነው። በያጁ ጎበዝ ሆኖም ልኬቱን ካልያዘ ዋጋ የለውም።

7ኛው መልስ ከወልድያው ሰው ነው፣ ፎቶውን አይቶ ተመልሶ። ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የመጀመሪያው ዘንግ ስብራት ላይ ከዳር የተነሳ ለስላሳ ቦታ አለ። ለስላሳው ላይ ተራ በተራ የተሰመሩ ቀጫጭን ቅስቶች ይታያሉ። መሃሉ ላይ ደግሞ ሻካራና የሚያብለጨልጭ ትንሽ ቦታ ቀርቷል። ትርጉሙ ዘንጉ በአንድ ቀን አልተሰበረም ነው። ጥርሱ ሥር ከቆየ ስንጥቅ ተነስቶ ቀስ እያለ ተበልቶ፣ በመጨረሻ የቀረችው ትንሽ ብረት ናት የተቆረጠችው። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። ጥርሶቹ እንደተጨመቀ ነጠላ ተጠማዘዋል። ይህ ለስላሳ ብረት ነው፣ ቶርኖ ላይ ከተቆረጠ በኋላ በእሳት አልጠነከረም። እንዲህ ያለውን ዘንግ እሱ ራሱ ሲለመን እንደማይሠራ ጻፈ። ትክክለኛው ዘንግ ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ የሚለጠጥ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው፣ ያንን ሙቀት የሚሰጥ ምድጃ ደግሞ ቶርኖ ቤት የለም።

አንድ ስሌትም አከለ። የዘንግ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፣ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው። ውፍረቱ በሩብ ቢጨምር ጥንካሬው ወደ እጥፍ ይጠጋል። በዓይን ሲታይ ትንሽ የሚመስለው የሂሉክስ ዘንግ ብልጫ ሥራ ላይ ትልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

8ኛው የጻፈው ጡረታ የወጡ ሾፌር ልጅ ነው፣ አባቱ እየነገሩት። ሁሉም ጋሼ ማለት ጀመረ፣ እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። በአሰብ መስመር የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። እሳቸው ዘንጉን ትታችሁ እግሩን እዩት አሉ። ደላንታ ደጋው ከባሕር ወለል ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አስረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ ስለዚህ ወገል ጤና ላይ ያች ትንሽ ሞተር ሩብ ያህሉን አጥታለች። ሾፌሩ ዳገቱ እንዳይበልጠው ይንደረደራል። አለዚያም ሞተሩን አስጩኾ ፍሪሲዮኑን በድንገት ይለቃል። ጎማው ድንጋይ ላይ ተነስቶ አየር ላይ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ሲያርፍ ደረቅ ዓለት ይይዘዋል። ዘንጉ የሚሰነጠቀው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ቀስ ብላ የምትወጣ መኪና ዘንግ አትሰብርም አሉ።

ከ9 እስከ 11 ያሉት መልሶች ሒሳብ ናቸው። ጀማሪው የደሴው ሜካኒክ ነው፣ አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ አስተካከለው። የሳሙራይ ፋብሪካ ጎማ 205/70 በ15 ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 668 ሚሊሜትር ይሆናል። 31 ኢንች ጎማ 787 ሚሊሜትር ነው። 18 በመቶ ይበልጣል። የሱዙኪው ዲፈረንሻል 41 ጥርስ በ11 ነው፣ ማለትም ካርዳኑ 3.727 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ትልቁ ጎማ ሲታሰር ይህ ቁጥር በተግባር ወደ 3.16 ይወርዳል። በአማርኛ፣ መኪናዋ ሁልጊዜ ከፍ ባለ ማርሽ እንደምትሄድ ያህል ሆነች ማለት ነው። ጋሼ ያሉት መንደርደር የመጣው ከዚህ ነው።

የሂሉክስ ዲፈረንሻሎች መካከል 41 በ10 የሆነ፣ 4.10 ማለት፣ አለ። 35 በ8 የሆነም አለ፣ 4.375። ተማሪው ያሳየው ከ31 ኢንች ጎማ ጋር 4.375 ከገባ መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣችው ያህል እንደምትሆን ነው። በ1ኛ ማርሽና በሪዶታ (በፎርዊሉ ከባድ ማርሽ) ሞተሩ 31 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞር ነበር፣ አሁን ወደ 26 ወርዷል፣ በ4.375 ወደ 31 ይመለሳል። የፍጥነት ቆጣሪዋም እንደገና እውነቱን ትናገራለች። 4.10 ቢሆን ግን ግማሽ መንገድ ነው የሚመልሳት።

12ኛው ተቃወመ፣ በደንብ አድርጎ። ከባድ ጥርስ፣ እንደ 4.375 ቁጥሩ የበዛ ማለት ነው፣ ሲገባ ዘንጉ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፣ ጋሼ ያሉት ስህተት ነው ብሎ ጻፈ። ጋሼ የሚለውን ቃል ግን አልጣለም። 13ኛው ላይ ልጃቸው መለሰ። አባቱ የሚሉት ስለ ድንገተኛው ምት ነው፣ ስለ ሞተሩ ግፊት አይደለም። ሁለቱም የያዙት እውነት ነው። ዲፈረንሻሉ ሲከብድ ካርዳኑና ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን) ይቀልላቸዋል፣ ዘንጉ ላይ የሚደርሰው ቋሚ ግፊት ይጨምራል፣ ሾፌሩ መንደርደር ስለሚያቆም ግን ትልቁ ምት ይጠፋል። ለዚህ ነው ጥርሱና ወፍራሙ ዘንግ አብረው መምጣት ያለባቸው። 12ኛው ሰው አልረካም፣ ሌላ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ያንኑ ጽፏል።

14ኛው ከመርሳ ነው። አጭር ናት፣ ግን ገንዘብ የምታድን መልስ ናት። የፊቱና የኋላው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። አክስሎቹ ከሁለት የተለያዩ መኪኖች ከመጡ አንዱ 4.10 ሌላው 4.375 ሊሆን ይችላል፣ ከውጭ አይታወቁም። ሳሙራይ የፊትና የኋላውን የሚያስማማ መሃል ዲፈረንሻል የላትም። ፎርዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው ይጓተታሉ፣ ደረቅ መሬት ላይ ትራንስፈሩን ይበላል። ሻጭ የሚለውን አትመን፣ ራስህ ቁጠር አለ። አቆጣጠሩንም አስተማረ። አክስሉ መሬት ላይ ተቀምጦ አንዱን ጫፍ ሰው ይይዛል። ካርዳኑ የሚታሰርበት ክብ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ሌላው ጫፍ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፣ ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጠራል። አራት ዙር ሞልቶ ትንሽ ካለፈ 4.10 ነው። አራት ሞልቶ ከሲሶ በላይ ካለፈ 4.375 ነው። መኪናዋ ላይ ላለው አክስልም ማርሹን ባዶ አድርጎ አንዱን ጎማ በክሪክ አንስቶ ያው ይሠራል።

15ኛው ስለ ፍሬን ነው። እኔ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ከዘንጉም በላይ። ጸሐፊው ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሾፌር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ነው፣ በመሃል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሐረጎን የወረደ ያውቀዋል። የሂሉክሱ የፊት ፍሬን ትልቅ ነው፣ ዘይት ብዙ ይፈልጋል። የሳሙራይ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ትንሽ ነው። ፓምፑ ሳይቀየር ትልቁ ፍሬን ከገባ ፔዳሉ ወደ ታች ይሄዳል፣ መያዝ የሚጀምረው ወለሉ አጠገብ ሲደርስ ነው። ሜዳ ላይ አይታወቅም። ሐረጎ ላይ፣ ጭነት ይዞ፣ ከኋላ ከባድ መኪና እየመጣ ይታወቃል። ስለዚህ ፓምፑም በአንድነት ይቀየር፣ የጎማ ፍሬን ቱቦዎችም በአዲሱ ልክ ይረዝሙ አለ። ደግሞም ትልቁ ጎማ ራሱ ፍሬን ያዳክማል። ጎማው በረዘመ ቁጥር ፍሬኑን የሚያሸንፍበት ክንድ ይረዝማልና።

ለዚህ መልስ ምስጋና የጻፈ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ ዘንግ ወሬው ተመለሰ። ስለዚህ እኔ እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ።

16ኛው በየዓመቱ ቦሎ ሲታደስ ምርመራ መኖሩን አስታወሰ። መሪና ፍሬን ይታያሉ። የመሪ ክንድ ላይ ብየዳ ካለ ማለፍ የለበትም አለ፣ እኔም እደግፈዋለሁ። የመሪ ክንድ አይበየድም፣ ልኩ ካልሆነ ልኩን ፈልጎ መቀየር ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ መጠየቅ እንደሚሻልም መከረ።

ከዚያ ወሬው ሄደ። 17ኛው ደላንታ ሲባል አፄ ቴዎድሮስ ትዝ አሉት። ሴባስቶፖልን ያህል መድፍ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን፣ ጋፋት ተሠርቶ በጅጣና በበሽሎ ገደል አልፎ በመጋቢት 1860 መቅደላ የደረሰው በዚሁ በደላንታ በኩል ነው፣ እናንተ በትንሽ ሱዙኪ ትጨነቃላችሁ ብሎ ጻፈ። 18ኛው መንገዱን የእንግሊዝ ጦር ነው የጠረገው አለ። 19ኛው አረመው። መንገዱን ቀድመው የጠረጉት የንጉሡ ሰዎች ናቸው፣ የናፒየር ጦር ከኋላ መጥቶ የተጠረገውን ተጠቀመ። 19ኛው ልክ ነው፣ ደላንታ ላይ ያደገ ሰው ይህን ከአያቱ ሰምቶታል። ከመኪና ጋር ግን አይገናኝም።

20ኛው በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ አሮጌዋን መጠገን ትቶ ኤሌክትሪክ ይገዛ አለ። 21ኛው ገደል አፋፍ ላይ የት ሰክቶ ሊሞላ ነው ብሎ ጠየቀው። 22ኛው ደግሞ ከክልከላው የተነሳ እንዲህ ያለችውን ሱዙኪ በሕይወት ማቆየት የበለጠ ትርጉም እንዳለው ተናገረ። ይህ ወሬ ራሱን የቻለ ክር ይከፈትለት።

23ኛው ጂምኒ አለችው፣ ለእሷስ ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀ። የደሴው ሜካኒክ 24ኛው ላይ መለሰለት። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የወጣችው ጂምኒ ሙሉ አክስል ቢኖራትም የተቀመጠችው በሞላ ነው። አክስሉን ቦታው ላይ የሚይዙት ዘንጎች ናቸው፣ ባሌስትራ አይደለም። እዚያ ላይ ሂሉክስ ማስገባት ሌላ ሥራ ነው፣ ከሳሙራይ ጋር አትደባልቁት አለ።

25ኛው 5ኛው ሰው ነው፣ ተመልሶ። አሁንም አላለሳለሰም። ሰው ከማሠራቱ በፊት በያጁን የማዘንበያውን ዲግሪ ይጠይቀው፣ ካላወቀ መኪናውን ይዞ ይውጣ ብሎ ጻፈ። 6ኛው ዝም አለ።

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ትልቁን ጎማ አውጥቻለሁ፣ በፋብሪካው ልክ ጎማ ታስሮላታል። አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የተገኘ፣ ያገለገለ ግን የፋብሪካ ዘንግ አስመጥቼ አስገባሁ። ከማስገባቴ በፊት የወልድያው ሰው እንዳለው የጥርሱን ሥር በቤንዚን አጥቤ፣ በአጉሊ መነጽር ስንጥቅ ፈልጌ አጣሁ። ከፍታዋ ስለቀነሰ ሆዷ ድንጋይ ይነካል፣ አንዳንድ ቦታ አልደርስም፣ እዚያ ልጆቹ በቅሎ ይዘው ይመጣሉ። ዳገቱን ግን ሳልንደረደር በሪዶታ ትወጣለች።

የሂሉክሱን ሐሳብ አልተውኩትም። የምፈልገው ሁለት አክስል፣ የፊትና የኋላ፣ ከአንድ መኪና የወጡ፣ ሁለቱም 4.375፣ ከነፍሬናቸውና ከነፍሬን ፓምፓቸው። 26ኛው መልስ ትናንት ማታ መጣ። ሰውየው ወልድያ ነው፣ ከአንዲት ኤልኤን 106 የወጣ ጥንድ አለኝ ይላል፣ ቁጥሩን ግን አያውቀውም። ቅዳሜ ጠመኔ ይዤ እወርዳለሁ። የቆጠርኩትን እዚሁ እጽፋለሁ።